ለደጋ ብርድ የሚሆን የሸራ ድንኳን ስትመርጡ

(ደሴ ላይ ካምፒንግ ለሚወጡ ወጣቶች ያወራሁት ነው። በጽሑፍ ስጠን ያላችሁኝ ብዙ ስለሆናችሁ እንዳወራሁት አድርጌ አስቀመጥኩት፣ የጠየቃችሁኝንም መሀል መሀል ላይ አስገብቻለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። ቦታ ያጣችሁ ወደፊት ኑ፣ ከፊት ወንበር አለ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ነገር ነው፤ ብርድ ቦታ ወጥታችሁ ስታድሩ ስለምትይዙት የሸራ ድንኳን። ተጣጥፋ ቦርሳ ውስጥ የምትገባዋን የናይለን ድንኳን ማለቴ አይደለም፣ እሷ በእግሩ ለሚሄድ ሰው ጥሩ ናት፣ የራሷ ቦታ አላት። እኔ የምለው ግድግዳ ያለውን፣ ቆማችሁ የምትንቀሳቀሱበትን፣ ውስጡ የብረት ምድጃ የሚገባለትን፣ በመኪና ወይ በበቅሎ የሚጫነውን ነው። መንገድ ቅየሳ ላይ የሠራ ሰው ያውቀዋል። እኔም ያወቅኩት እዛው ነው፣ ከቀያሾች ጋር ደጋ ለደጋ ስንዞር ቤታችን እሱ ነበር፣ እና አሁን እናንተ ለገና ለጥምቀት እረፍት እዚሁ ወሎ ደጋ ላይ ጉጉፍቱ እንውጣ፣ አምባ ፈሪት ተራራ እንውጣ፣ ቦረና ሳይንት ፓርክ እንደር ስትሉ ስሰማ በጣም ደስ ይለኛል፣ ግን ደግሞ እፈራለሁ፣ ምክንያቱም ይዛችሁ የምትወጡትን ድንኳን አያለሁ።

በመጀመሪያ ብርዱን እንወቀው። "የብርድ ድንኳን" ብላችሁ ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ የሚመጣላችሁ የአላስካና የሞንታና ነው፣ ጣሪያው ላይ በረዶ ሲከመር እንዳይደፋ ታስቦ የተሠራ፣ ዋጋውም ለዛ የሚከፈል። እኛ ጋ ጣሪያ ላይ የሚከመር በረዶ የለም፣ ለሱ ብላችሁ ገንዘብ አታውጡ። የኛ ብርድ ሌላ ነው፤ ቀን ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል፣ ማታ ሰማዩ ጥርት ይልና ውርጭ ይወርዳል፣ ነፋሱ ገደል ገደሉን ይዞ ይመጣል፣ ጠዋት ስትነሱ ሁሉ ነገር በጤዛ ርሷል። ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ ወደ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፣ ደሴ 2,500 አካባቢ፣ አምባ ፈሪት ደግሞ 4,000 አካባቢ። ስለዚህ ደሴ ላይ ሌሊት 7 ዲግሪ በሆነበት ቀን እዛ ላይ ከዜሮ በታች 3 ብትጠብቁ አልተሳሳታችሁም። ኮምቦልቻ ግቢ ውስጥ ተክላችሁ "ኧረ ይሄማ ይሞቃል" ያላችሁት ድንኳን ስለ ደጋው ምንም አልነገራችሁም ማለት ነው።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ፣ ሌላውን ብትረሱት እንኳን ይሄን ያዙልኝ። ድንኳን አያሞቅም። ሸራው ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም፣ እሱ ምን ብርድ ይመልሳል? የሚያሞቃችሁ እሳቱ፣ የለበሳችሁትና ከስራችሁ ያነጠፋችሁት ነው። የድንኳኑ ሥራ ሁለት ነው፤ እናንተን ደረቅ ማድረግ፣ እና ውስጡ እሳት በሰላም እንዲነድ ማድረግ። ብዙ ሰው ሱቅ ገብቶ ጨርቁን በጣቱ ጨምቆ "ወፍራም ነው አይደል?" ይላል። ጥያቄው እሱ አይደለም። ጥያቄው "ይተነፍሳል ወይ?" ነው፣ ከዛ ቀጥሎ "ምድጃ ይገባለታል ወይ?" ነው።

ለምን ይተነፍሳል ብዬ እንደምጠይቅ ላስረዳ። አንድ ሰው ሌሊት ተኝቶ በትንፋሹና በላቡ ግማሽ ሊትር ገደማ ውኃ ያወጣል። አራት ሆናችሁ ካደራችሁ ሁለት ሊትር ነው፣ አንድ ትልቅ ሃይላንድ ውኃ አየር ላይ በተናችሁ ማለት ነው። ያ እንፋሎት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ደግሞ የድንኳኑ ጣሪያ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከአየሩ ከራሱ በላይ ይቀዘቅዛል፣ ውርጩ መጀመሪያ ሳርና ጣሪያ ላይ የሚታየው ለዚህ ነው። እንፋሎቱ እዛ የቀዘቀዘ ጣሪያ ላይ ሲደርስ ውኃ ይሆናል። ጣሪያው የላስቲክ ከሆነ ጠብ ጠብ እያለ ብርድ ልብሳችሁ ላይ ይመለሳል። ብርድ ልብስ ከረጠበ በኋላ ቢደራረብም አያሞቅም፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጥርሳችሁ ይንቀጫቀጫል፣ "ድንኳኑ ስስ ነው" ትላላችሁ፣ ድንኳኑ ግን ስስ ሆኖ አይደለም፣ ታፍኖ ነው።

የጥጥ ሸራ እንፋሎቱን በጨርቁ ቀዳዳ ያሳልፋል። ዝናብ ሲመጣስ? ጥጡ ውኃ ሲነካው ክሩ ያብጥና ቀዳዳውን ራሱ ይዘጋዋል። ለዚህ ነው አዲስ የጥጥ ድንኳን መጀመሪያ ዝናብ ሲመታው ስፌቱ ላይ ጠብ ሊል የሚችለው፣ የመርፌው ቀዳዳ ገና አልተሞላም። በውኃ አርሶ ሙሉ በሙሉ ማድረቅ፣ ደግሞ ማራስ ደግሞ ማድረቅ ነው መድኃኒቱ፣ ይሄን ጉዞ ከመውጣታችሁ በፊት ግቢ ውስጥ አድርጉት።

እዚህ ላይ ገበያው ያምታታችኋል። እኛ ሀገር ሁሉንም ሸራ ነው የምንለው፤ የጭነት መኪናው ላይ የሚታሰረውም ሸራ ነው፣ የባጃጁም ሸራ ነው፣ የሰርጉም ሸራ ነው። አብዛኛው ግን ፒቪሲ ነው፣ ላስቲክ የተቀባ ፖሊስተር። ለጭነት መኪና ከሱ የሚሻል የለም፣ ግን ውስጡ ተኝታችሁ እሳት ልታነዱበት አይሆንም። ጥጥ መሆኑን ለማወቅ ባለሱቁን አታድክሙት። ከጠርዙ ላይ አንድ ክር ምዘዙ፣ ውጪ ወጥታችሁ ክብሪት ለኩሱበት። ጥጥ ከሆነ ወረቀት እንደተቃጠለ ይሸታል፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ጫፉ ላይ ፍም እየጋመ ትንሽ ይሄዳል፣ አመዱን በጣታችሁ ስታሹት ብን ይላል። ፖሊስተር ወይ ናይለን ከሆነ ከእሳቱ እየሸሸ ይሰበሰባል፣ ይቀልጣል፣ ጥቁር ጭስ ሊያወጣ ይችላል፣ ሲበርድ እንደ ዶቃ የጠጠረች ፍሬ ትቀራለች፣ በጥፍራችሁ ብትጫኗት አትፈርስም። ቅልቅል ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም ታያላችሁ፣ አመድም አለ ጠጣር ፍሬም አለ። ቅልቅል መጥፎ አይደለም፣ ጥጥና ፖሊስተር ተቀላቅሎ የተሠራ ጥሩ ሸራ አለ፣ ይቀላል፣ ሲረጥብም ብዙ አይሸበሸብም። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት የቤተሰብ ድንኳን ራሱ ከቅልቅል ነው የሚሠራው፣ ዋናው ክፍሉ 16 ካሬ ሜትር ነው። (እዚህ ላይ አንድ ነገር፣ የእርዳታ ድንኳን ገበያ ላይ ብታገኙ አትግዙ። ወሎ ውስጥ ያ ድንኳን የማን ቤት እንደነበር ሁላችንም አይተናል።)

ክብደቱን በተመለከተ፣ የውጪ ካታሎግ ላይ 10 አውንስ 12 አውንስ የሚል ታያላችሁ፣ ያ በአንድ ካሬ ያርድ ነው፣ ወደኛ ሲመጣ 10 አውንስ በካሬ ሜትር 340 ግራም ገደማ ነው፣ 12 ደግሞ ከ400 ትንሽ ያልፋል። ለኛ ደጋ 10 ይበቃል ብዬ ነው የማምነው። 12ቱ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ለሚከርም ካምፕ ነው፣ ለምሳሌ ሦስት አራት ወር ለሚቆም። ሰው ክብደት ሲጨምር ሙቀት የሚጨምር ይመስለዋል፣ አይጨምርም፣ የሚጨምረው ዕድሜና የበቅሎው ሸክም ነው። ከክብደቱ በላይ ሽመናውን እዩ። ጨርቁን ወደ ፀሐይ ዘርጉት፣ ብርሃኑ እኩል ከገባ ጥሩ ነው፣ የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ ነጠብጣብ ቀዳዳዎች ወጣ ገባ እያሉ ከታዩ ሽመናው ላላ ያለ ነው። ደህናው ሸራ ሁለት ሁለት ክር አንድ ላይ ተፈትሎ የተሸመነ ነው፣ በነጠላ ክር ከተሸመነው በደንብ ይጠነክራል።

ሌላው የተቀባው ነገር ነው። ጥሩ ሸራ ውኃና ሻጋታ የሚከላከል መድኃኒት ተነክሮ ይመጣል፣ እሳት የሚያዘገይም አለ። እሳት ያዘገያል ማለት አይነድም ማለት አይደለም፣ እሳቱ ሲነሳለት በራሱ ይጠፋል ማለት ነው፣ እና ውስጡ ምድጃ ልታስገቡ ካሰባችሁ ቢወደድም እሱን ፈልጉ። ከሁሉ በላይ ግን "ሻማ በቤንዚን አሟሙቼ ልቀባላችሁ፣ ጠብ አይልም" የሚላችሁን ሰው እሺ እንዳትሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1944 አሜሪካ ሃርትፎርድ ከተማ ውስጥ ልክ እንደዛ በፓራፊንና በቤንዚን የተቀባ ትልቅ የሰርከስ ድንኳን ሰው ሞልቶበት እሳት ያዘው፣ በደቂቃዎች ውስጥ አለቀ፣ ከ160 ሰው በላይ ሞተ፣ ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ። አሜሪካ ውስጥ ስለ ድንኳን ጨርቅና እሳት ደንቡ የጠበቀው ከዛ በኋላ ነው። ሻማ የተቀባ ሸራ ደግሞ ባይነድ እንኳን አይተነፍስም።

አንዱ ልጅ እዚህ ጋ "ጋሼ የቅሬያችንን (የእድራችንን) ድንኳን ብንወስደውስ?" ብሎ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የቅሬ ድንኳን ፍሬሙ ጎበዝ ነው፣ የቆየው ደግሞ እውነተኛ የጥጥ ሸራ ነው፣ አንዳንድ ቀበሌ አሁንም አለ። ችግሩ የተሠራው ለቅሶና ሰርግ ላይ ብዙ ሰው እንዲያስቀምጥ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ጎኑ ክፍት ነው፣ የምድጃ ቀዳዳ የለውም፣ የቅሬ ንብረት ላይ ደግሞ ቀዳዳ ልበሳ ብትሉ ዳኛው የሚሏችሁን ታውቃላችሁ። አዲሶቹ ደግሞ ላስቲክ ናቸው። እና ተዉት፣ ለሱ ሥራ ይቀመጥ። ግን ቅሬው ውስጥ ድንኳን የሚተክሉትን አባቶች አንድ ቀን ሄዳችሁ እርዷቸው፣ ካስማ እንዴት እንደሚመታ፣ ገመድ እንዴት እንደሚወጠር ከነሱ የሚሻል አስተማሪ አታገኙም።

አሁን ወደ እሳቱ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

ከሰል ድንኳን ውስጥ አይገባም። በቃ። ፍም ሆኖ ነጭ አመድ ቢለብስም አይገባም፣ በሩ ገርበብ ቢልም አይገባም፣ "ትንሽ እንሙቅና እናወጣዋለን" አይባልም። ከሰል አፍኗቸው ቤታቸው ውስጥ ተኝተው የቀሩ ሰዎች ወሬ በየብርዱ ወቅት እንሰማለን፣ እነሱም "ጭስ የለውም" ብለው ነው። ገዳዩ ጭሱ አይደለም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው፣ ቀለም የለው ሽታ የለው፣ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፣ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ነው የሚይዘው። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ከዛ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፣ ሰውየው ደክሞኝ ነው ብሎ ይተኛል። ከፍታ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ 4,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል 60 በመቶ ገደማ ነው፣ እሳቱም በደንብ አይቃጠልም፣ እናንተም ድሮውኑ ኦክስጅን አጥሯችኋል፣ ራስ ምታቱን "የከፍታ ነው" ብላችሁ ታልፉታላችሁ።

አንዷ እህታችን "ታዲያ ቡና እንዴት ይፈላል?" አለች፣ ሁላችሁም ሳቃችሁ፣ ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ የወሎ ሰው ቡና ሳይጠጣ አያመሽም። ጀበናዋን የምድጃው አናት ላይ አስቀምጪያት፣ ትንሽ ትዘገያለች እንጂ ትፈላለች። ዕጣኑም ከምድጃው ውስጥ ትንሽ ፍም በማንኪያ አውጥቶ ውጪ በር ላይ ይጨስ። ከሰሉ ቤት ይቅር።

ቡታጋዝም ለማሞቂያ አይሆንም። ለምግብ፣ በሩን ከፍታችሁ፣ እሺ። ግን አንድ ኪሎ ጋዝ ሲቃጠል ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል፣ ቅድም ያልኳችሁን እርጥበት በእጃችሁ እያመረታችሁ ነው ማለት ነው፣ የተቃጠለው አየርም መውጫ የለውም። የእንጨት ምድጃ ከነጭስ ማውጫው ግን እርጥበቱንም ጋዙንም በቱቦው ይዞ ይወጣል፣ በዛ ላይ ከድንኳኑ ውስጥ አየር እየሳበ ስለሚያወጣ የረጠበ ካልሲ ሳይቀር ያደርቅላችኋል። ለዚህ ነው የሸራ ድንኳንና የእንጨት ምድጃ የማይለያዩት፣ አንዱን ገዝታችሁ አንዱን ብትተዉ ግማሽ ነገር ነው የያዛችሁት።

ምድጃውን እዚሁ ብየዳ ቤት ማሠራት ይቻላል። ጥቁር ላሜራ ይሁን፣ ዚንክ የተለበጠ አይሁን፣ ቱቦውም እንደዛው፣ ምክንያቱም ዚንኩ በጣም ሲግል የሚያወጣው ጭስ ሰው ያሳምማል። በሩ በደንብ የሚገጥም፣ አየር የምታስገባው ቀዳዳ የምትከፈትና የምትዘጋ ትሁን። ቱቦው 12 ወይ 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው፣ ርዝመቱ ደግሞ ከድንኳኑ ጫፍ በላይ ይውጣ፣ ካጠረ ነፋስ ሲመጣ ጭሱን መልሶ ይልከዋል፣ ፍንጣሪውም ጣሪያው ላይ ያርፋል። አናቱ ላይ የሽቦ ወንፊት አስደርጉበት። ማገዶ ከከተማ ገዝታችሁ ያዙ፣ ደረቅ ባሕር ዛፍ ጥሩ ነው፣ ጽድ ይፈነጥራል። ፓርክ ውስጥ አስታ መቁረጥ አይሞከርም፣ ያ ዛፍ በዛ ብርድ አንድ ክንድ ለማደግ ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት አስቡት።

ቱቦው በሸራው የሚያልፍበት ቀዳዳ የድንኳኑ በጣም አስፈላጊ ቦታ ነው፣ ስትገዙ መጀመሪያ እሱን እዩ። ደህናው በሲሊኮን የተቀባ ፋይበር ግላስ ነው፣ እሳት አይበላውም። ካላገኛችሁ ሸራ የሚሰፋላችሁ ሰው ሸራውን በአራት ማዕዘን ይቅደድና ከውስጥም ከውጪም ላሜራ በቡሎን ይጋጠም፣ ላሜራው መሀል ላይ ቱቦው የሚያልፍበት ቀዳዳ ይበጅ፣ የላሜራው ስፋት ከቱቦው በየአቅጣጫው ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ። ምድጃው ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፣ ከስሩ አፈር ወይ ላሜራ ይሁን፣ ገለባ ወይ ሳር አይሁን። እና ምድጃው በሩ አጠገብ ባለ ጥግ ይቀመጥ ግን በሩን አይዝጋ፣ እሳት ቢነሳ እሳቱን አልፋችሁ ነው ወይ የምትወጡት? ከራስጌ ደግሞ አንድ ቢላ ትቀመጥ፣ ሸራ ቀዶ መውጣት ያስፈልግ ይሆናል። ለመኝታ ሰዓት እሳቱ ይውረድ፣ ሌሊቱን ሙሉ ካልነደደ የምትሉ ከሆነ ተራ ይዛችሁ ንቁ።

አየር መግቢያና መውጫ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ከታች በኩል አንድ የሚከፈት፣ ከላይ ሦስት ማዕዘኑ ላይ አንድ መረብ ያለው መስኮት። ብርድ ይገባል ብላችሁ በጨርቅ የምትወትፉት ያኛው የላይኛው ነው፣ አትወትፉት። ውጪ ሀገር ዘመድ ያለው ሰው በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ያስመጣ፣ በጣም ትንሽ ዕቃ ናት፣ ጫማ አምጣልኝ ከምትሉት እሷን በሉ።

ሳይዝ ላይ ሰው ሁሌ ትልቅ ይፈልጋል። ለአራት ሰው ከነምድጃው 3 በ3.60 ሜትር ይበቃል፣ ግድግዳው 1.50፣ መሀሉ 2.60 ገደማ ቢሆን። ውስጡ ወደ 22 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። 4 በ5 አድርጉት ስትሉ ወደ እጥፍ ይጠጋል፣ ማገዶውም አብሮ ይጨምራል፣ የበቅሎ ኪራዩም። ሸራው ራሱ ግድግዳና ጣሪያ ተደምሮ ከነማጠፊያው 40 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፣ በ340 ግራም ስታሰሉት 14 ኪሎ አካባቢ፣ ገመድና የታችኛው ጠርዝ ሲጨመር ወደ 20 ይጠጋል፣ ፍሬሙ ሳይቆጠር።

ፍሬሙን አላስረዝምም። ደረቅ አጠና ካገኛችሁ አጠና ጥሩ ነው፣ ርካሽ ነው፣ በየመንገዱ አለ፣ ከ3,000 በላይ ስትወጡ ግን ዛፍ እየጠፋ ስለሚሄድ ከታች መያዝ አለባችሁ። ብረት ከሆነ ቧንቧው በ1.50 ይቆራረጥና መጋጠሚያ ይበየድለት፣ ረጅም ብረት በቅሎ ላይ አይጫንም። ካስማውን ከፌሮ አስቆርጡ፣ ግማሽ ሜትር ይሁን፣ ስትመቱት አናቱ ከድንኳኑ ይሽሽ። ገመዱ የቃጫ ወይ የጥጥ ከሆነ ሲረጥብ ያጥራል፣ ሌሊት ጤዛው ሲመታው ካስማ ይነቅላል ወይ ሸራ ይቀዳል፣ ስለዚህ ማታ ትንሽ አላሉት። የፖሊስተር ገመድ ያን ችግር ያቃልላል።

ግድግዳው መሬት ጋ ሲደርስ እንዲሁ እንዳይቆም። ከታች አንድ ሁለት ስንዝር የሚሆን ጠርዝ ይሰፋለት፣ እዚህ ላይ ላስቲክ ይፈቀዳል ምክንያቱም መሬት የሚነካው ጥጥ ቶሎ ይበሰብሳል። ያ ጠርዝ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ምንጣፉ ከላዩ ይደረግበት፣ ነፋስ የሚገባው በዛ ነው። ምንጣፉ ከድንኳኑ ጋር የተሰፋ አይሁን፣ ምድጃው ያለበትን ጥግ ባዶ መተው አለባችሁ።

ሁለተኛ ጣሪያ ብታክሉበት በጣም እመክራለሁ። ከላይ ሌላ ሸራ በአንድ ስንዝር ክፍተት ይወጠር፣ ፍንጣሪውን እሱ ይቀበላል፣ ፀሐዩንም ይከላከላል፣ ምክንያቱም ጥጥን ከዝናብ በላይ የሚጨርሰው ፀሐይ ነው፣ የአልትራ ቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ውርጩም የውጪው ላይ ይቀራል። አቅም ካጠረ ከውስጥ ጣሪያው ስር አቡጀዲ ወጥሩ፣ ከምድጃውና ከቱቦው ግን በደንብ ይራቅ።

መኝታውን አደራ። ሰው ሁሉ ከላይ ይደርባል፣ ብርዱ ግን ከስር ነው የሚመጣው፣ መሬቱ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀታችሁን ይጠጣል። ፍራሽ፣ ከላዩ አጎዛ፣ ከላይ ባና። የሱፍ ነገር ቢረጥብም ትንሽ ያሞቃል፣ ጥጥ ብርድ ልብስ ሲረጥብ ግን ዋጋ የለውም። እዚህ ደጋችን ላይ አያቶቻችን በባና በበርኖስ ያደሩት ሌላ ስላጡ ብቻ አይደለም፣ ለዚህ አየር የሚሆነው እሱ ስለሆነ ነው፣ እና የውጪ ስሊፒንግ ባግ ካልገዛን አንወጣም የምትሉ ልጆች መጀመሪያ እናቶቻችሁን ጠይቁ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ምን እንዳለ።

የምትተክሉበትን ቦታ በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፤ ረባዳ ሜዳ አትምረጡ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት ወደ ታች ይፈስና እዛ ይተኛል። የደጋ ገበሬ ውርጭ የቱን ማሳ እንደሚመታ ያውቃል፣ ሂዱና ጠይቁት፣ ከዛ ከፍ ብላችሁ ከነፋሱ ጀርባ ትከሉ።

የት ይሰፋል ላላችሁኝ፣ ኮምቦልቻ የጭነት መኪና ከተማ ስለሆነች ከባድ ስፌት መኪና ያላቸው ሸራ ሰፊዎች አሉ። የለመዱት ፒቪሲ ነው፣ ስለዚህ የጥጥ ሸራውን እናንተ ገዝታችሁ ውሰዱላቸው፣ እና ከመቁረጣቸው በፊት ጨርቁ ታጥቦ ካልመጣ አርሳችሁ አድርቁት፣ ከተሰፋ በኋላ ካጠረ ፍሬሙ ላይ አይገባም። ስፌቱ ጠርዝ በጠርዝ ተቆላልፎ ሁለት መስመር ይሰፋ፣ ገመድ የሚታሰርበት ቦታ ሁሉ ሁለት ሦስት ድርብ ጨርቅ ይኑረው። ስትረከቡ ሁለት ሆናችሁ የጣሪያውን ስፌት በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ወደ ኋላ ሳቡት፣ ክሩ መሀል ቀዳዳው እየሰፋ ብርሃን ካሳየ ይመለስ። ዚፕ በር ላይ ከተደረገ አብሮ የሚታሰር ገመድም ይኑረው፣ ዚፕ በውርጭ ጠዋት ይይዛል፣ አቧራም ይጨርሰዋል።

ስትመለሱ ደግሞ ሸራውን እርጥብ ሆኖ አታጣጥፉት። ዝናብ መቶት ጠቅልላችሁ መኪና ላይ ከጫናችሁት እቤት እንደደረሳችሁ ዘርጉት፣ ነገ አትበሉ፣ ሻጋታ ሁለት ሦስት ቀን ይበቃዋል፣ አንዴ ከያዘው ጥቁር ነጠብጣቡ አይለቅም፣ ጨርቁም ከዛ ቦታ ነው መቀደድ የሚጀምረው። በሳሙና አትጠቡት፣ መድኃኒቱን ያወጣዋል፣ በውኃና በለስላሳ ብሩሽ ብቻ። ደሴ ክረምቱ ጉም ስለሚበዛው መሬት ላይ አታስቀምጡት፣ ከፍ ያለ ቦታ አየር በሚያገኝበት ይሰቀል፣ አይጥም እንዳይደርስበት።

ለጥምቀት ብላችሁ የምታሠሩ ካላችሁ አንድ ሳምንት አስቀድማችሁ ተረከቡና ግቢያችሁ ውስጥ ትከሉት፣ በጎማ ውኃ አርሱት፣ አድርቁት፣ ደግማችሁ አርሱት፣ ከዛ ምድጃውን አንድዳችሁ አንድ ሌሊት እደሩበት። አዲስ ምድጃ መጀመሪያ ሲነድ ስለሚሸት ድንኳኑ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት አንዴ ውጪ አንድዱት። የሚያፈሰው ስፌት፣ የሚጨሰው ቱቦ፣ የማይዘጋው በር ያን ሌሊት ይታወቃል፣ ሰፊውም ብየዳው ቤቱም ገና ቅርባችሁ ነው፣ በማግስቱ ይስተካከላል።